የዓይን ቆብ የሌላት እንሽላሊት

ከአዋሽ ወዲያ፣ ተሳቢ መኪኖች ወደ ጅቡቲ በሚወርዱበት የበረሃ መንገድ ዳር፣ አንድ ሰው እሁድ በማለዳ ተንበርክኮ ነበር።

እየጸለየ ነው ብላችሁ ይሆናል። አልነበረም። እንሽላሊት እየፈለገ ነበር።

ጉልበቱ አሸዋው ውስጥ ገብቷል። ጉንጩ መሬቱን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። በአንድ እጁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀና አድርጎ ይዟል፤ በሌላው እጁ ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ ደግኗል። ሚስቱ ሂሩት ውኃ ልትቀዳ ወደ ሮቶው ስትሄድ በዚህ ሁኔታ አገኘችው።

«ኧረ ብልቃጤን!» አለች።

«ቀስ በይ፣ ትሸሻለች» አላት በሹክሹክታ።

«ትሽሻ! እኔ ጀሪካን አንሳልኝ ስልህ ወገቤን ትላለህ። ለእንሽላሊት ሲሆን ግን አቤት ወገብህ ሲታዘዝ!»

ሰውየው ሳቁን አፍኖ ብልቃጡን ደፋው። እንሽላሊቷ ተያዘች።

ይህ ሰው በሳምንቱ ቀናት በከተማዋ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል። እሁድ እሁድ ደግሞ በትንሿ ቤተ ክርስቲያን የልጆች አስተማሪ ነው። ልጆቹም እናቶቹም «ቲቸር» ነው የሚሉት። ከሩቅ ከተማ የሚላክለት የልጆች መማሪያ መጽሐፍ በለመለመ መስክ ላይ የሚግጡ በጎች ሥዕል አለበት። አንድ ቀን ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ አንዲት ሕፃን እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ በጎቹ የቆሙበት አረንጓዴ ምንጣፍ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ልጅቷ እንደዚያ ያለ ሣር በሕይወቷ አይታ አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቲቸር ልጆቹን በሚያውቁት ፍጥረት ማስተማር ጀመረ። አንድ እሁድ ግመል፣ አንድ እሁድ ግራር፤ ያን እሁድ ደግሞ የበረሃ እንሽላሊት።

ጥሩ አስተማሪ ነበር ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ። አሁን የምነግራችሁ ስለ ክፉ ሰው አይደለም። ስለ ክፉ ሰው ቢሆንማ እኛን ምን አገባን ብለን እንቀመጥ ነበር።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን አንድ ልማድ አለ። ከልጆቹ የብዙዎቹ አባት ሾፌር ነው፤ አለዚያም የሾፌር ረዳት ነው። ስለዚህ እሁድ እሁድ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ፣ አንድ ልጅ ተነሥቶ መንገድ ላይ ላሉት ሁሉ ይጸልያል። «የመንገድ ጸሎት» ይሉታል። በተራ ነው። ልጆቹ ተራቸውን የሚጠብቁት እንደ ልደታቸው ቀን ነው። ተራው የደረሰው ልጅ የአባቱን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ የቀሩት ሁሉ «አሜን!» ይላሉ።

አባትህ ዛሬ የት እንደሚያድር አታውቅም እንበል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል። እናትህ ስልክ ብትሞክር አይነሣም። እንግዲህ ያ ሁሉ ልጅ በአንድ ድምፅ ለአባትህ አሜን ሲልልህ ለአንተ ምን ማለት ነው? ቀላል ነገር ይመስላችኋል?

ቤተ ክርስቲያኗ ግን የቆመችው አስፋልቱ ዳር ነው። ጸሎት ሲጀመር ተሳቢ ያልፋል፤ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ልጆቹም ጸሎቱን ትተው ይንጫጫሉ።

«የኛ መኪና ነው!»

«ሂድ! የናንተ ቀይ አይደለም?»

ቲቸር ይህን አይቶ ደንብ አወጣ። በጸሎት ሰዓት እጅ ይታጠፋል፤ ዓይን ይጨፈናል። ዓይኑን የገለጠ ልጅ የመንገድ ጸሎት ተራው ያልፈዋል።

መጥፎ ደንብ ነው? አይደለም። እኛስ ልጆቻችንን የምናስተምረው ይህንኑ አይደል?

በዚያው ዓመት ፌቨን የምትባል ልጅ መምጣት ጀመረች። አባቷ ማቴዎስ የተሳቢ ሾፌር ነው። እናቷ አስካለ ሾፌሮች በሚበሉበት ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። እሁድ ሥራ የሚበዛባት ቀን ስለሆነ ልጇን ከጎረቤት ልጆች ጋር ትልካለች እንጂ ራሷ አትመጣም። ፌቨን ዝምተኛ ናት። ነፋሱ አሸዋ እንዳያገባባት ሻሿን እስከ ቅንድቧ ታወርደዋለች። ሰው ሲያናግራት መሬት መሬት ታያለች።

ተራዋ ደረሰ። ተነሥታ ቆመች። እጇን አጠፈች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። ቲቸር እንደ ልማዱ ልጆቹን ለመቃኘት ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ፣ የፌቨን ቀኝ ዓይን ገርበብ ብሏል። ከሥሩ ነጩ ይታያል።

«ፌቨን፣ ዓይንሽ» አላት።

«ጨፍኛለሁ።»

«አልጨፈንሽም። እያየሁሽ ነው።»

«ጨፍኛለሁ ቲቸር።»

«ውሸቷን ነው!» አለ ኢዮስያስ የሚባለው ቀበጥ ልጅ ከኋላ። «እኔም አይቻታለሁ፣ ገልጣለች!»

ኢዮስያስ በምን ዓይኑ እንዳያት የጠየቀው የለም።

ቲቸር አዘነ። ያሳዘነው የዓይኑ ነገር አልነበረም፤ ልጅ ነው፣ ልጅ ይገልጣል። ያሳዘነው መዋሸቷ ነው። ያውም በጸሎት መካከል!

«ተቀመጪ ፌቨን» አላት፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «መጨፈን ስትችዪ ተራሽ ይመለስልሻል።»

ተቀመጠች። በእሷ ፈንታ ሌላ ልጅ ተነሥቶ ጸለየ። የዚያን እሁድ የማቴዎስ ስም አልተጠራም።

ወገኖቼ፣ ቲቸር ያላወቀውን እኔ ልንገራችሁ። ፌቨን ጨቅላ ሳለች በጽኑ ታማ ነበር። ሕመሙ ሲለቃት የቀኝ ዓይኗ ቆብ እንደ ድሮው መውረድ አቃተው። ስትተኛ ገርበብ እንዳለ ያድራል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ዓይኗ እንዳይደርቅ ማታ ማታ በፕላስተር እንዲያጣብቁላት ለእናቷ ነግራታለች። ፌቨንም ይህ ነገር የሚሆነው ስትተኛ ብቻ ይመስላት ነበር። ነቅታ ስትጨፍን፣ ለእሷ ጨፍናለች። ይጨልምባታል። ዓይኑን ጨፍኖ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ያየ ሰው አለ?

አልዋሸችም። ያላትን ዓይን ሁሉ ጨፍና ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ልጆች ልጆች ናቸው። ስም አወጡላት። በበሩ ስትገባ ኢዮስያስ፣ «ሰላይዋ መጣች! ጸሎታችሁን ደብቁ!» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ፌቨን በቀጣዩ እሁድ ጸሎት ሲጀመር ቆቧን በጣቷ ተጭና ያዘችው። ቲቸርም፣ «እጅ ይታጠፋል፣ ፌቨን» አላት። አጠፈችው።

በቤትም የማታ ጸሎቷን ተወች። ሰነፍ ሆና አይደለም። በልቧ አንድ ነገር ገብቷል። ዓይኑ ያልተዘጋ ሰው ጸሎቱ አይሰማም የሚል ነገር። ይህን ቲቸር አላስተማራትም። በአፉ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ግን ተቀመጪ አላላትም? ልጅ እኮ ከቃላችን የሚማረው ትንሹን ነው። ትልቁን የሚማረው የት እንዳስቀመጥነው አይቶ ነው።

እንግዲህ ወደ እንሽላሊቷ እሁድ እንመለስ።

ያን ቀን ፌቨን የመጣችው ቀኝ ዓይኗ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ነው።

«ሰላይዋ ቆሰለች!» አለ ኢዮስያስ።

ቲቸር ብልቃጡን ይዞ ነበር። ፕላስተሩን አየው። በዚያ አገር በአቧራው ወራት የልጆች ዓይን መታመም የተለመደ ነው። «አሞሻል እንዴ?» አላት። እንዳልታመመች ራሷን ነቀነቀች። እሱ ግን ልብ ሳይላት ወደ ትምህርቱ ገባ።

«ይህቺ ማን ናት?» አለ ብልቃጡን ከፍ አድርጎ።

«እንሽላሊት!»

«የት ነው የምትኖረው?»

«ሮቶው ሥር!»

«የነሩሐማ ሽንት ቤት ውስጥ!»

ሩሐማ ዞራ የተናገረውን ልጅ በክርኗ ጎሸመችው። ከዚያም፣ «መርዝ አላት ቲቸር፤ ከነካችህ ቆዳህ ይላጣል» አለች።

«ማን አለሽ?»

«ሰው ሁሉ።»

«እኔ ጠዋት በእጄ ይዣታለሁ። ይኸው እጄ። ተልጧል?»

ሩሐማ እጁን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ትንሽ ቆይቶ ይሆናላ» አለች።

ቲቸር ሳቀ። ከዚያም ይነግራቸው ጀመር። ይህች እንሽላሊት የበረሃ ልጅ ናት አላቸው። ቀን አሸዋው ሲነድ ድንጋይ ሥር ገብታ ትተኛለች። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እናንተ ወደ ቤት ስትገቡ፣ እሷ ወደ ሥራ ትወጣለች። ጉንዳን ትበላለች፤ ትንኝ ትበላለች፤ ትንሽ ጢንዚዛም ካገኘች አትምርም። ለእናንተ ከመርዝ ይልቅ ጥቅም አላት፤ ትንኟን ማን ይቀንስላችኋል? ጭራዋን እዩት፣ ወፍራም ነው አይደል? ግመል ስቡን ሻኛው ላይ እንደሚያኖር እሷ ጭራዋ ላይ ታኖራለች። ምግብ ሲጠፋ ከዚያ እየወሰደች ትቆያለች። ድመት ጭራዋን ብትይዛት ደግሞ ጭራዋን ትታላት ትሮጣለች።

«ስንቋን ትታ?» አለች ሩሐማ ደንግጣ።

«ስንቋን ትታ። ነፍስ ትበልጣላ። ጭራው ኋላ ይበቅላል፤ እንደ መጀመሪያው ባያምርም ይበቅላል።»



«አሁን ዓይኗን እዩት» አለ ቲቸር። «እስቲ ጠጋ በሉ። ጠጋ ብሎ ያላየ ሰው የዚህችን ፍጥረት ነገር አያውቅም። ዓይኗን ስትጨፍን ያየ አለ?»

ማንም የለም።

«አታዩአትም። መጨፈን አትችልም። የእኛ ዓይን ቆብ አለው፤ ስንፈልግ እናወርደዋለን። እሷና ብዙዎቹ ዘመዶቿ ግን የሚወርድ ቆብ የላቸውም። ዓይኗን የሚሸፍነው እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ ነገር ነው። አይከፈትም፤ አይዘጋም።»

«አቧራ ሲገባባትስ?»

«በምላሷ ትልሰዋለች።»

«ዪዪዪ!»

ወዲያው ሁሉም ምላሱን አውጥቶ ዓይኑን ለመላስ መታገል ጀመረ። ኢዮስያስ አፍንጫው ጫፍ ላይ ደርሶ ቀረ። በዚህ መካከል እንሽላሊቷ፣ እንደ ታዘዘች ሁሉ፣ ምላሷን ብቅ አድርጋ ዓይኗን ጠረግ አደረገችው። ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

«ስትተኛስ ቲቸር?»

«እንዳፈጠጠች ትተኛለች።»

«እንደ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ!»

«ዘበኛውማ ጨፍኖ ነው የሚተኛው!»

ሲስቁ ቆዩና ኢዮስያስ እጁን አወጣ። የዚህ ልጅ ጥያቄ ሁሌም ለማሳቅ ነው። ይኸኛውም ለማሳቅ ነበር።

«ቲቸር፣ ታዲያ እንዴት ትጸልያለች?»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ቲቸርም ራሱ ሳቀ። እየሳቀም ምንም ሳያስብ መለሰለት።

«ገልጣ ነዋ! የዓይን ቆብ ያልሰጣት ማን ነው?»

«እግዚአብሔር!»

«ሳይሰጣት፣ መጀመሪያ ካልጨፈንሽ አልሰማሽም ይላታል?»

«አይላትም!»

«ይሰማታል?»

«ይሰማታል!»

ድምፃቸው በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አስተጋባ። ጸጥ ሲል ደግሞ ከጥግ በኩል ሌላ ድምፅ መጣ። ቀጭን ድምፅ ነው። ፕላስተር ሲላጥ የሚሰማው ድምፅ።

ፌቨን ፕላስተሩን ከዓይኗ ላይ እየላጠች ነው። ሽፋሽፍቷ ተጣብቆባት ዕንባዋ መጥቷል።

«ተዪው እንጂ!» አለ ቲቸር። «ያመመሽን ዓይን ለምን ትነኪዋለሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ፕላስተሩ ምንድን ነው?»

«እንዳይከፈት ነው።»

«ምኑ?»

«ዓይኔ። ስጸልይ እንዳይከፈት።» ፕላስተሩን በጣቶቿ መካከል አድቦለቦለችው። «አሁን ግን ገልጣም ይሰማታል አልክ።»

ቲቸር ብልቃጡን መሬት ላይ አስቀመጠው። ከልጆቹ መካከል አልፎ ጥጉ ድረስ ሄደና በዚያ ማለዳ ለሁለተኛ ጊዜ ተንበረከከ። ፊቱ ከፌቨን ፊት ጋር ተስተካከለ። ሻሿን ከቅንድቧ ላይ ቀስ አድርጎ ገፋው።

«እስቲ ጨፍኚ» አላት።

ጨፈነች። ግራው ተዘጋ። ቀኙ ቆብ ግን ግማሽ ላይ ቆመ።

«አጥብቀሽ ጨፍኚ።»

ፊቷ እስኪጨማደድ ጨፈነች። ግንባሯ ታጠፈ፣ ከንፈሯ ተነከሰ፣ ጉንጯ ወደ ላይ ተገፋ። የልጅ ኃይሏን ሁሉ አወጣች። ቆቡ አልወረደም። ከሥሩ ነጩ ብቻ ይታያል፤ ብሌኑ ወደ ላይ ሄዷል። ምንም እያየች አይደለም።

«ጨፍኛለሁ?» ብላ ጠየቀችው።



«ጨፍነሻል» አላት። «ያኔም ጨፍነሽ ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁሽ። ይቅር በይኝ ፌቨን።»

ሰዎች ሆይ፣ በእኛ አገር ትልቅ ሰው ትንሽ ልጅን፣ ያውም በልጆች ፊት፣ ይቅር በይኝ ሲል ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል? ፌቨንም ሰምታ አታውቅም። ምን እንደሚባል ግራ ገባት። ዞር ብላ ሩሐማን አየች። ሩሐማ ትከሻዋን ሰበቀች።

«እሺ» አለች ፌቨን።

ግን የልጅ ነገር በእሺ አያልቅም። «ለአባባ እስከ ዛሬ የጸለይኩትስ? እሱም ተሰምቷል?» አለችው።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ ስሙት። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ተራዋ አይደለም። ስለ ስድቡም አይደለም። አባቷ መንገድ ላይ ነው፤ የላከችለት ጸሎት ሁሉ ደርሶለት እንደሆነ ማወቅ ነው የፈለገችው።

«ተሰምቷል» አለ ቲቸር። «አንዱም አልቀረ። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ከኋላ ኢዮስያስ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ተጠግቶ፣ «ቲቸር እያለቀሰ ነው» አለ።

«ላቡ ነው።»

«ላብ በዓይን ይወጣል እንዴ?»

«ዝም በሉ!» አለች ሩሐማ። ከዚያም ተነሣች። የዚያ ቀን የመንገድ ጸሎት ተራ የእሷ ነበር፤ ብዙ ስትጠብቀው የቆየችው ተራ። «ትጸልይ» አለች ወደ ፌቨን እያመለከተች። «ግን ቲቸር፣ የሚቀጥለው እሁድ የኔ ነው። እንዳትረሳ።»

ፌቨን ቆመች። እጇን አጠፈች። ዓይኖቿን እንደሚሆንላት ጨፈነች። እንዲህ ስትል ጸለየች፦

«ጌታ ሆይ፣ አባቴ ማቴዎስ መንገድ ላይ ነው። እንቅልፍ ሲመጣበት ዳር ይዞ ይቁም። ጎማው አይፈንዳ። ውኃ አይለቅበት። ባለፈው ስሙን ያልጠራሁት ተቀመጪ ተብዬ ነው እንጂ ረስቼው አይደለም። ለሌሎቹም አባቶች እንደዚሁ። አሜን።»

«አሜን!» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቲቸር ወደ ምግብ ቤቱ ሄደ። አስካለ ድስቷን እያማሰለች የነገራትን ሁሉ አዳመጠች። አልጮኸችበትም። እሳቱን ቀነስ አድርጋ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ፕላስተሩ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ምን ሆነ እል ነበር» አለችው። «ማታ ደግሞ፣ እማዬ፣ ለአባባ አንቺ ጸልዪለት ትለኛለች። ሰነፈች ብዬ ተቆጣኋት። እርስዎን ብቻ አልወቅስም ቲቸር፤ እኔም ሳልጠይቃት ነው የተቆጣሁት።»

ቲቸር አንገቱን ደፋ።

«ግን አንድ ነገር ልበልዎት?» አለች። «ቤተ ክርስቲያኑ ያው እዚያ ማዶ ነው፤ ከዚህ ይታያል። አንድ ቀን ብቅ ብለው፣ የዚህች ልጅ ዓይን ምን ሆኖ ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ምንም አልነበረበትም። ቲቸርም ይህንኑ አላት።

ወገኖቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ።

ይህ ሰው የእንሽላሊትን ዓይን ያውቅ ነበር። ተምሮታል፤ ተንበርክኮ ተመልክቶታል፤ ቆብ እንደሌላት ስላወቀ አንድም ቀን ለምን አትጨፍኚም ብሎ አልተቆጣትም። ለአንዲት እንሽላሊት ይህን ያህል ከራራን፣ ለልጅ የምንራራው መቼ ነው? ፍጥረትን እናጠናለን፤ ስለ ግመል እናውቃለን፣ ስለ መኪና እናውቃለን፤ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ግን ቆመን አይተን፣ ቆመን ፈርደን እናልፋለን።

በቲቸር ላይ አትፍረዱ። እሱ በአንድ እሁድ ገብቶታል። የኛን ተመልከቱ።

ሁላችን ስንቆም ተቀምጣ የምትቀር እናት አለች። ትዕቢተኛ ናት ብለናል። ጉልበቷን ጠይቀናታል? ሰላም ስንለው የማይመልስ ጎረቤት አለ። ኩራተኛ ነው ብለን እኛም ሰላምታውን ትተናል። ጆሮው ይሰማ እንደሆነ ማን አየለት? ለመዝሙር አፏን የማትከፍት ወጣት አለች። ልቧ ቀዝቅዟል ተባለ። በዚህ ዓመት ማንን እንደቀበረች የሚያውቅ አለ? በቤታችሁስ፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገልብጥ ሲባል የማይገለብጥ ልጅ የለም? ሰነፍ ብላችሁት ይሆናል። ከፊት አስቀምጣችሁ ሞክራችኋል?

ሰውየው ጨፍኛለሁ ይላችኋል፤ እናንተ ደግሞ ክፍት ሆኖ ታያላችሁ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። እንዲህ ያለ ጊዜ ማነው ዝቅ ማለት ያለበት? የቆመው አይደለም ወይ?

ደንብ አይኑር እያልኩ አይደለም። ልጆቻችሁን እጃችሁን እጠፉ በሏቸው፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ በሏቸው። ግን ደንባችሁን ያልፈጸመ ሰው ስታገኙ፣ ተቀመጥ ከማለታችሁ በፊት ምን ሆነህ ነው በሉት። ብላችሁም ዝም በሉ። መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁት። የሚናገረው ከምታዩት ጋር አልገጥም ቢላችሁ እንኳ ጠብቁት።

አሁን በልባችሁ አንድ ሰው መጥቷል። አውቃለሁ፣ መጥቷል። ከማኅበር ያራቃችሁት ነው፤ ወይም ከገበታ፣ ወይም ከሰላምታ። ስሙን እኔ አላውቀውም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ያ ሰው ምናልባት ዛሬም እዚያው ባስቀመጣችሁት ቦታ ተቀምጦ፣ ስሙን የሚጠራለት ሰው እየጠበቀ ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤት አትግቡ። ወደ እሱ ሂዱ። ምሳው ትንሽ ቢዘገይ ይዘግይ።